«ጫነ» ብቻውን «ከልክ በላይ» ማለት ይሆናል? እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ፒያሳ ላለ አንድ ቢሮ በሚዘጋጅ የሥራ ደንብ ውስጥ «ሠራተኛን ከአቅሙ በላይ ማሠራት» የሚለውን በአንድ ግስ ማስቀመጥ አቃተኝ።

«ጫነ» ልኩን አይናገርም። አህያዋን 50 ኪሎም 100 ኪሎም ጤፍ ቢጭኗት ያው ጫኗት ነው። መብዛቱን የሚናገረው አጃቢው ቃል ነው፦ 12 ሰው የሚይዝ ሚኒባስ 15 ሲያሳፍር «ትርፍ ጫነ» እንላለን። ሰው ላይ ሲሆን ደግሞ «በ» ካልገባች ነገሩ ይበላሻል፤ «አለቃው ሥራ ጫነበት» ልክ ነው፣ «አለቃው ጫነው» ግን መኪና ላይ አወጣው ይመስላል። «ተጫነው» ሌላ ነው፦ ጫና አሳደረበት፣ ወይም እንደ እንቅልፍ ከበደው። «ተጫጫነው»ማ ሕመም ሊጀምር ሲል፣ ሰውነት ሲከብድ ነው፤ ጫኝ የለበትም። «አሸከመው»ን ወድጄው ነበር፤ ግን እሱም ማስያዙን እንጂ ብዛቱን አያሳይም።

አሁን የያዝኩት «ሥራ አበዛበት» ነው፤ ለደንብ ቀለለብኝ። «ከአቅም በላይ ጫነበት» ትክክል ቢሆንም በየአንቀጹ ሲደጋገም ይረዝማል። መርካቶም ሆነ ቢሮ በተለምዶ የምትሉት አንድ ግስ ካለ ከነዓረፍተ ነገሩ ጻፉልኝ።