በደሴና በኮምቦልቻ ጅረቶች ትራውት ይኖር ይሆን?

የኮምቦልቻው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ተወልጄ ያደግሁት ኮምቦልቻ ነው። ሦስት ዓመት ለሥራ ባሌ ከርሜ ዘንድሮ ተመለስኩ። እዚያ ዲንሾ አጠገብ ወይብ ወንዝ ላይ ትራውት የሚባለውን የቀዝቃዛ ውሃ ዓሣ ማጥመድ ለመድኩ፤ ይኸው ሱስ ሆኖብኛል። የመጀመሪያዋን ሳወጣ ጎኗ ላይ ያለው ሮዝ መስመር እጄ ውስጥ ሲደበዝዝ አየሁና ወዲያው መልሼ ለቀቅኋት። አሁን ዘንጌ በር ጀርባ ቆሟል። ከኩታበር በኩል የሚወርዱት ጅረቶች ማለዳ እጅ ያደነዝዛሉ፤ ጠጠራቸውም ከባሌው ጋር ይመሳሰላል። ትራውት ያገኘ ሰው አለ? ከሌለስ ጫጩቱን በጀሪካን አምጥቶ መልቀቅ አይቻልም?

የሐይቅ ልጅ፦
ወንድሜ፣ እኛ ጋ ትራውት የለም። የባሌውም ቢሆን ከኬንያ የመጣ ነው። ዓሣ ካማረህ ከደሴ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ብትመጣ ሐይቅ አለልህ፤ ቆሮሶ እንደ ጉድ ነው። እሱም በ1970 ዓ.ም. አካባቢ የተጨመረ ነው እንጂ ከጥንት የነበረ አይደለም።

ቦርከና ዳር፦
ጀሪካኑን ተወው ልጄ። ከብት ስጠብቅ ጀምሮ ቦርከና ወንዝ ላይ መንጠቆ ጥያለሁና ስማኝ።

ትራውት ማለዳ የቀዘቀዘ ውሃ አይበቃውም፤ ዓመቱን ሙሉ ቀዝቅዞ የሚፈስ ውሃ ነው የሚፈልገው። ሙቀቱ 20 ዲግሪ ካለፈ ይጨነቃል፤ ወደ 25 ከተጠጋ ያልቃል፤ ውሃ በሞቀ ቁጥር የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳልና። አንተ የለመድከው ዲንሾ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ያንን እጅህን ያደነዘዘውን ጅረት ግንቦት ቀትር ላይ ሄደህ ንካው፤ ለብ ይላል፤ ውሃውም ኩሬ ኩሬ ሆኖ ተቆራርጦ ታገኘዋለህ። ክረምት ደግሞ ጎርፉ አፈሩን ጠርጎ ያወርደዋል። ትራውት እንቁላሉን የሚቀብረው ጠጠር ውስጥ ነው፤ ደለል ከተኛበት ይታፈናል።

ይህን ሁሉ ተቋቁሞ ቢራባ ደግሞ የባሰ ነው። ማንን ሊበላ ነው? ድንጋይ ላይ የምትለጠፈዋን ትንሿን ዓሣ ታውቃታለህ? ጣት የማታህል፣ ጭቃ የመሰለች። ገልብጠህ እያት፤ ከታችኛው ከንፈሯ ሥር ክብ ነገር አላት፤ በእሱ ነው ድንጋዩን የምትይዘው። ውሃው እየገፋት ሳትነቃነቅ ትቆማለች። ልጅ ሆኜ ሆዴ ላይ ተኝቼ እሷን ሳይ ጥጃው የሰው ማሳ ገብቶ ተገርፌአለሁ። እንደ ትራውት ያለ ፈጣን አዳኝ ከመጣባት ምን መሸሻ አላት?

እሷን አሁንም የሚጨርሳት ሞልቷል። አምና ኅዳር ከላይ ካለው ኩሬ ደርሼ ሰዎች የብርብራ ፍሬ ወቅጠው በትነውበት አገኘሁ። መርዙ ዓሣው እንዳይተነፍስ ያደርገዋል። ትልቁም ትንሹም ሆዱን ሰቅሎ ይንሳፈፋል፤ እነሱ የፈለጉት ሦስት አራቱን ትልልቅ ብቻ ነበር፤ የቀረው እዚያው ሸተተ። እባካችሁ ይህን የምታደርጉ ካላችሁ ተዉ። ኩሬው ዘንድሮም ዓሣ የለበትም።

ዘንግህን ግን አውጣው። ባለ ጢሙ ዓሣ አለልህ፤ አፉ አጠገብ አራት ጢም ያለው። በጥቅምትና በኅዳር ውሃው ሲጠራ፣ ትንሽ መንጠቆ፣ ቀጭን ክር፣ ከፍግ ሥር የወጣ ትል። ክሩን የሚያሰምጠውን እርሳስ አታብዛበት፤ ትሉ ከውሃው ጋር ይንከባለል። አጥንቱ ብዙ ነው፤ ግራና ቀኙን በቢላ ተልትለህ አድርቀህ ጥበሰው። ከኮምቦልቻ በታች ግን አጥምደህ እንዳትበላ፤ የከተማውም የፋብሪካውም ፍሳሽ እዚያ ነው የሚገባው።

ሰሚራ፦
ጋሼ የተናገሩት ላይ አንድ ልጨምር። ቦርከና መጨረሻው አዋሽ ነው። ላይ የተለቀቀ ዓሣ የት ድረስ እንደሚወርድ ማንም ሊቆጣጠረው አይችልም። ከተለቀቀ በኋላ ልሰብስበው ቢባል የማይሆን ነገር ነው።

የኮምቦልቻው፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የጫጩቱን ሐሳብ ትቼዋለሁ። ቅዳሜ በጠዋት ወጥቼ ያሉኝን ሞከርኩ። እስከ አምስት ሰዓት ምንም አልነካኝም። ከዚያ እርሳሷን ፈትቼ ትሏን ለብቻዋ ብለቃት ክሩ ጥግ ወዳለው ትልቅ ድንጋይ ሥር ሄዶ ቆመ፤ ድንጋዩ ያዘው ብዬ ስስብ ሳበኝ! ክንድ ከስንዝር አትሆንም፣ ስንዝር ግን ታልፋለች፤ ሆዷ ወርቅማ፣ ጢሟ አራት። መልሼ ለቀቅኋት። ድንጋይ ላይ የምትለጠፈዋንም አየኋት፤ ሦስት ነበሩ፣ ጎን ለጎን። ጋሼ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ቢመቸዎ አብረን ብንወጣ ደስ ይለኛል፤ ትሉን እኔ አመጣለሁ።