ታብሌቱን ከቲቪው ጋር ማገናኘት አቃተኝ፣ አያቴ ነገ ጠዋት ትሄዳለች

የማራኪዋ (ጥር 12፣ ምሽት 1፡10)
እባካችሁ ቶሎ የሚመልስልኝ ሰው። ታብሌት ከቲቪ ጋር ማገናኘት አቃተኝ። ገመድ ገዝቼ ሰክቻለሁ፣ ቲቪው «ኖ ሲግናል» ይላል፣ ሌላ ምንም የለም። ነገሩ እንዲህ ነው። ወንድሜ ውጭ አገር ነው ያለው። ኅዳር ላይ አገባ። የሠርጉን ቪዲዮ ታብሌት ላይ ጭኖ በሰው ላከልን። አያቴ ለጥምቀት ከቆላ ድባ መጥታ ዛሬ ሚካኤልን ሸኝተን ገባን፣ ነገ 12 ሰዓት ላይ መኪና አላት። ዓይኗ ደክሟል። ታብሌቱን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ «የቱ ነው እሱ?» እያለች ትፈልገዋለች። ሙሽራውን ትታ ሚዜውን ስትስም ሳያት እንባዬ መጣ። በትልቁ ቲቪ እንድታየው ነው የምፈልገው። ቤቱ ሙሉ ሰው ነው፣ ሁሉም እኔን ነው የሚያየው።

የአራዳው
ኤችዲኤምአይ ገመድ ግዢ፣ ምስልና ድምፅ ወደ ቲቪ የሚያሳልፈውን። በእሱ ይሠራል።

የማራኪዋ
ገዝቻለሁ አልኩ እኮ! አንዱ ጫፍ የታብሌቱ ቻርጀር ቀዳዳ ላይ ይገባል፣ ሌላው ጫፍ ቲቪው ላይ።

የፒያሳው ጠጋኝ
እህቴ፣ ታብሌቱ ምንድነው? ቲቪውስ? ስማርት ነው? ይሄን ሳናውቅ ሁላችንም በጨለማ ነው የምንዳብሰው። ደግሞ ሶርሱን እይው። የዲሹ ሪሲቨር ኤችዲኤምአይ 1 ላይ ከተሰካ ያንቺ 2 ላይ ነው የሚሆነው፣ በሪሞቱ ሶርስ ገብተሽ 2ን መምረጥ አለብሽ።

የቅዳሜ ገበያው
እንኳን አደረሳችሁ! እስኪሠራ ድረስ ለእማማ ዶሮውን አቅርቢላቸው፣ ሠርግ ያለ ወጥ አይታይም :)

የማራኪዋ
ዶሮው ተበልቷል። ታብሌቱ ሳምሰንግ ነው፣ ሴቲንግ ውስጥ ጋላክሲ ታብ ኤ 8 ይላል። ቲቪውም ሳምሰንግ ነው፣ 43 ኢንች። ስማርት ነው፣ ግን ቤት ውስጥ ዋይፋይ የለንም፣ አሁን የምጽፈው በስልኬ ዳታ ነው። ሶርሱን 1ንም 2ንም ሞክሬያለሁ። ገመዱን የሸጠልኝ ልጅ «ለማንኛውም ይሠራል» ብሎ ነው የሸጠልኝ። አታለለኝ።

ቀበሌ 18
አታለለኝ ማለቱ ይቅር። ገመዱ ደህና ገመድ ሊሆን ይችላል። እኔ ተመሳሳዩን ገዝቼ በታብ ኤስ 7 ነው የምጠቀመው፣ እንደ ሰካሁት ይመጣል። ያንቺ ግን ታብ ኤ ነው። የታብ ኤ ቀዳዳ ምስል አያወጣም፣ ቻርጅና ፋይል ብቻ ነው የሚያሳልፈው። የመቶ ሺህ ብር ገመድ ብትገዢም ያው ነው። ሻጩ ስለ ታብሌትሽ ሳይጠይቅ መሸጡ ጥፋት ነው፣ ይሄን እቀበላለሁ። ነገ ሳይበላሽ መልሺለት።

የማራኪዋ
ቀዳዳው አንድ ዓይነት አይደለም እንዴ? የሁሉም ክብ ቢጤ፣ በሁለቱም በኩል የሚገባ።

የድሮ ቴክኒሻን
ልጄ፣ ይሄን ጥያቄ ስለጠየቅሽ ደስ ብሎኛል፣ እስቲ ከሥሩ ላስረዳ፣ ሌላውም ይማርበት። ታይፕ ሲ የሚባለው የቀዳዳው ቅርጽ ስም ነው እንጂ በውስጡ የሚያልፈው ነገር ስም አይደለም። ቅርጹ የወጣው በ2014 በፈረንጆች ነው፣ በውስጡ 24 እግሮች አሉት። አምራቹ የትኞቹን እግሮች ከምን ጋር እንደሚያገናኝ የራሱ ምርጫ ነው። ውድ ታብሌት ላይ ከምስል ማቀነባበሪያው የሚመጣ መስመር ይገናኛል፣ ዲስፕሌይ ፖርት ይባላል። ርካሹ ላይ ግን ቀዳዳው ዩኤስቢ 2 ብቻ ነው፣ ለቻርጅና ለፋይል የሚሆነው።

አሁን ሒሳቡን እዪ። አንድ ሙሉ ኤችዲ ምስል 1920 በ1080 ነጥብ አለው። እያንዳንዱ ነጥብ 24 ቢት ነው። በሰከንድ 60 ጊዜ ይታደሳል። አባዢው፣ በሰከንድ 3 ጊጋቢት (3000 ሜጋቢት) ገደማ ይመጣል። ዩኤስቢ 2 ደግሞ ቢበዛ 480 ሜጋቢት ነው። ስድስት እጥፍ ያንሳል። በገንቦ የሚቀዳውን በሲኒ እንደማለት ነው። ስለዚህ ገመዱም አልተበላሸም፣ ቲቪውም አልተበላሸም፣ ታብሌቱም አልተበላሸም። መንገዱ የለም።

በገመድ አልባ ግን ይሄዳል፣ ምክንያቱም ታብሌቱ ምስሉን መጀመሪያ ይጨምቀዋል፣ ቲቪው ይፈታዋል። ይሄ ከ2012 ጀምሮ ሚራካስት በሚባል ስም አለ። ብዙ ሰው ኢንተርኔት ይፈልጋል ብሎ ይፈራዋል። አይፈልግም። ሁለቱ መሣሪያዎች እርስ በርስ በዋይፋይ በቀጥታ ነው የሚነጋገሩት፣ ራውተርም ዳታም አያስፈልግም።

የማራኪዋ
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ እንዲህ ብሎ ያስረዳኝ ሰው የለም። ገመዱን ነቅያለሁ። ታዲያ ገመድ አልባውን የት ላግኘው?

የአራዳው
ኤችዲኤምአይ ገመድ ነው የሚሻለው፣ ገመድ አልባ ይቆራረጣል። ጥሩ ኦሪጅናል ገመድ ፈልጊ።

ቀበሌ 18
ወንድሜ፣ ታብሌቱ ምስል አያወጣም ተባለ እኮ።

የፒያሳው ጠጋኝ
እህቴ፣ ታብሌቱን ከላይ ወደ ታች በጣትሽ ጎትቺ፣ ዋይፋይ ብሉቱዝ የሚሉት ምልክቶች ይመጣሉ። አንዴ ደግመሽ ጎትቺ። «ስማርት ቪው» የሚል አለ፣ ከሌለ በሁለተኛው ገጽ ፈልጊው። የታብሌቱ ዋይፋይ በርቶ ሆትስፖቱ መጥፋት አለበት፣ አብረው አይሠሩም። ስማርት ቪውን ስትነኪው የቲቪሽ ስም ይመጣል፣ ንኪው። ሁዋዌ ያለው ሰው «ዋየርለስ ፕሮጀክሽን» በሚል ያገኘዋል፣ ሌሎቹ ላይ «ካስት» ነው የሚለው።

የአዘዞው
እኔ ይሄ ሁሉ አይገባኝም። ለምን ስክሪን ማጋራት አስፈለገ? የምትፈልጉት አንድ ቪዲዮ ማየት ነው። በፍላሽ ገልብጪና ቲቪው ጀርባ ላይ ሰኪው፣ አለቀ። ጥራቱም ይበልጣል፣ አይቆራረጥም፣ ታብሌቱም ባትሪ አይጨርስም። ሰው ቀላሉን ትቶ ከባዱን ይወዳል።

የማራኪዋ
ወንድሜ ልክ ነህ፣ መጀመሪያ እሱን ነበር የሞከርኩት፣ ሳልጽፈው ረሳሁ። ጎረቤት የሰጠኝ 16 ጊጋ ፍላሽ አለ፣ ባዶ ነው፣ ከነመሰኪያው። ቪዲዮው 6.2 ጊጋ ነው። ስገለብጠው «ፋይሉ በጣም ትልቅ ነው» የሚል ነገር ይልና ያቆማል። ቦታ እያለው!

የድሮ ቴክኒሻን
ፍላሹ ፋት 32 በሚባለው አሠራር ነው የተሰናዳው። እሱ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋ በላይ አይቀበልም፣ ፍላሹ የፈለገውን ያህል ባዶ ቢሆን። በኮምፒውተር ኤክስፋት አድርጎ ፎርማት ማድረግ ነው፣ ያኔ 6 ጊጋውን ይቀበላል። ፎርማት ሲደረግ ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል፣ የሰው ፍላሽ ከሆነ ባለቤቱን ጠይቂ። ከዚያም ቲቪው ኤክስፋት ማንበብ አለበት፣ አንዳንድ አሮጌ ቲቪ አያነብም።

የማራኪዋ
ኮምፒውተር ቤት ውስጥ የለም። አሁን 2 ሰዓት ሊሆን ነው፣ የት ሄጄ አገኛለሁ?

ስማርት ቪውን አገኘሁት። የቲቪው ስም መጣ፣ ሳምሰንግ 7 ሲሪስ ይላል። ስነካው ትንሽ ያስብና «ኩድንት ኮኔክት» ይላል። አራት ጊዜ ሞከርኩ።

የአራዳው
ሁለቱንም አጥፍተሽ አብሪ።

የማራኪዋ
አጠፋሁ አበራሁ። ያው ነው። አያቴ «ልጄ ተዪው፣ እኔ አየሁት ይበቃኛል» ትለኛለች። አላየችውም። አውቃታለሁ።

የቅዳሜ ገበያው
ቀልዱን ትቼ ልናገር። ታብሌቱን ቲቪው አጠገብ አምጪው፣ በሜትር ርቀት። ባትሪው ስንት ነው? ከ20 በታች ከሆነና ባትሪ ቆጣቢው በርቶ ከሆነ አጥፊው፣ ቻርጀር ላይ ሰኪው። ለእኔ አንዴ በዚህ ተስተካክሎልኛል።

የአዘዞው
ወይ ታብሌቱን በቻርጀር ገመዱ ቲቪው ዩኤስቢ ላይ ሰኪው፣ ፋይል ትራንስፈር በይው። አንዳንድ ቲቪ እንደ ፍላሽ ያነበዋል።

የማራኪዋ
ሰካሁት፣ ቻርጅ ብቻ ነው የሚያደርገው። ባትሪው 64 ነው።

የመንትያ እናት
እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። መጀመሪያ ስማርት ቪው ስትነኪ ቲቪው ላይ የሆነ ጥያቄ ብቅ ብሎ ነበር? «አላው» (ፍቀድ) እና «ዲናይ» (ከልክል) የሚል? ሪሞቱ ያን ጊዜ ማን እጅ ላይ ነበር?

የማራኪዋ
ቆይ እስቲ። አዎ ከሰዓት በኋላ እናቴ ስትነካካ የሆነ ነገር ወጥቶ ነበር ብላለች። ሪሞቱ የእህቴ ልጅ እጅ ላይ ነበር፣ ካርቱን ሲያይ። አራት ዓመቱ ነው። አሁንማ ምንም ጥያቄ አይወጣም፣ ዝም ብሎ አልገናኝም ነው የሚለው።

የመንትያ እናት
በቃ እሱ ነው። እኔም ቤት ይሄው ነው የሆነው፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ቲቪው ተበላሸ ብዬ ስጨነቅ ነበር። ልጁ «ዲናይ» የሚለውን ተጭኗል። ሳምሰንግ ቲቪ አንዴ እምቢ ከተባለ ያን ታብሌት በዝርዝር ይይዘውና ሁለተኛ አይጠይቅሽም። ታብሌቱን ስታጠፊው ስታበሪው ብታድሪም አይለወጥም፣ ነገሩ ያለው ቲቪው ውስጥ ነው።

በሪሞቱ የቤት ምልክቷን ተጫኚ። ወደ ግራ ሄደሽ ሴቲንግ ግቢ። «ጄኔራል» የሚለውን ክፈቺ። ወደ ታች ስትወርጂ «ኤክስተርናል ዲቫይስ ማኔጀር» አለ። በእሱ ውስጥ «ዲቫይስ ኮኔክት ማኔጀር»። በእሱ ውስጥ ደግሞ «ዲቫይስ ሊስት»። አዲስ ቲቪ ከሆነ «ጄኔራል» ሳይሆን «ኮኔክሽን» በሚለው ሥር ታገኚዋለሽ። ሊስቱ ውስጥ የታብሌትሽ ስም ይኖራል፣ አጠገቡ «ዲናይድ» ይላል። ምረጪውና «አላው» አድርጊው። ከዚያ ታብሌቱ ላይ እንደገና ስማርት ቪው።

ደግሞ ሲመጣ ምስሉ ቀጭን ሆኖ መሀል ላይ ከቆመ አትደንግጪ፣ ታብሌቱን አግድም አዙሪው፣ ይሞላል። ድምፁም በቲቪው ነው የሚወጣው።

የድሮ ቴክኒሻን
ይሄስ እኔም አላሰብኩት። እናት ትባረኪ። ስለ ሽቦና ስለ ቢት ሳወራ ነገሩ ያለው ልጁ ጣት ላይ ነው።

የአራዳው
ካልሆነ ግን ኤችዲኤምአይ ገመድ

ቀበሌ 18
ወንድሜ በሚካኤል!

የማራኪዋ (ምሽት 2፡25)
አገኘሁት። ዲቫይስ ሊስት ውስጥ ሁለት ስም አለ፣ አንዱ የእህቴ ስልክ ነው፣ አንዱ ታብሌቱ። ታብሌቱ ላይ «ዲናይድ» ይላል። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው። ልቀይረው ነው ቆዩ።

የመንትያ እናት
ቀስ ብለሽ። «ዲሊት» ብትነኪም ችግር የለም፣ ከዝርዝሩ ይወጣና እንደ አዲስ ይጠይቅሻል። ያኔ ሪሞቱን አንቺ ያዢው።

የቅዳሜ ገበያው (ምሽት 2፡50)
እህ? መጣ?

የመንትያ እናት (ምሽት 3፡15)
እህቴ? እማማ አዩት?

የፒያሳው ጠጋኝ
ወይ መብራት ሄዶባቸዋል፣ እኛ ጋ አሁን ጠፍቶ ነው የመጣ። ወይ ቁጭ ብለው እያዩ ነው። 6.2 ጊጋ ቪዲዮ ሁለት ሰዓት ይሆናል።

የድሮ ቴክኒሻን (ጥር 13፣ ጠዋት 1፡30)
ልጄ፣ እንዴት አደራችሁ። አያትሽ በሰላም ገቡ? መንገዱ ደህና ነው ይላሉ። ሙሽራውን አገኙት ወይ?

ከደባርቅ (ጥር 15)
ሰላም ለሁላችሁ። እኔም ተመሳሳይ ችግር አለብኝ፣ ግን ቲቪዬ ስማርት አይደለም፣ ዲቫይስ ሊስት የሚባል ነገር የለውም። ኤችዲኤምአይ ቀዳዳና ዩኤስቢ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው። ታብሌቴ ታብ ኤ ነው። ምንም ተስፋ የለኝም?

የፒያሳው ጠጋኝ
አለህ። ኤኒካስት እየተባለ የሚሸጥ ትንሽ እቃ አለ፣ ፍላሽ የሚያህል። ኤችዲኤምአዩ ላይ ይሰካል፣ ከእሱ የሚወጣ ቀጭን ገመድ ደግሞ ቲቪው ዩኤስቢ ላይ ይገባል፣ መብራት የሚያገኘው ከዚያ ነው። ይሄ ያንተን ቲቪ ሚራካስት እንዲቀበል ያደርገዋል። ሶርሱን ወደ ኤችዲኤምአዩ ቀይር፣ ስክሪኑ ላይ የእቃው ስም ይወጣል፣ ታብሌትህ ስማርት ቪው ላይ ያንኑ ስም ትነካለህ። የቲቪው ዩኤስቢ ኃይል ካነሰውና እየበራ ከጠፋ በስልክ ቻርጀር ራስ ሶኬት ላይ ሰካው። ስትገዛ ታብሌትህን ይዘህ ሂድ፣ ሱቁ ውስጥ ሠርቶ ካላየህ ብር አትክፈል።

ከደባርቅ
ታብሌቱን ይዤ ቅዳሜ ጎንደር እወርዳለሁ። የትኛው ሰፈር ይገኛል?