ወንድሜ ከጅማ ወጥቶ ደብዛው ጠፋ፣ ፖሊስ «ትልቅ ሰው ነው» ይላል። የማን ሥራ ነው?

የአዌቱ ልጅ (ጠያቂ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሕግ የሚያውቅ ካለ እባካችሁ መልሱልኝ፣ ቤታችን ተረብሿል።

ወንድሜ 29 ዓመቱ ነው። ጅማ ቦሳ አዲስ ሰፈር ብቻውን ተከራይቶ ይኖራል፣ ሥራው ቡና ነው። ባለፈው ሳምንት አዲስ አበባ ደርሼ እመለሳለሁ ብሎ በጠዋት ከመናኸሪያ ተነሣ። ወልቂጤ ሲደርስ ለእናታችን ደውሎ «ምሳ ልንበላ ወርደናል» አላት። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ዝግ ነው። አዲስ አበባ ሲጠብቀው የነበረው ሰው ጭራሽ አላየሁትም ይላል።

እዚሁ ጅማ ጣቢያ ሄድን። ተረኛው መጀመሪያ «24 ሰዓት ይሙላው» አለ። ሞላው፣ ተመለስን። ሌላኛው ደግሞ «ትልቅ ሰው ነው፣ ዕዳ ይኖርበት ይሆናል፣ ወይ ሴት ይዞ ይሆናል፣ ራሱ ይመጣል» ብሎ ሊያሰናብተን ፈለገ። በዚያ ላይ የጠፋው ወልቂጤ ስለሆነ እዚያ አመልክቱ ተባልን። አጎቴ ወልቂጤ ድረስ ቢሄድ «ነዋሪነቱ ጅማ ነው፣ ከጅማ ደብዳቤ አምጣ» አሉት። እኛ እንግዲህ መሃል ላይ ቀርተናል።

ማወቅ የምፈልገው የትኛው ፖሊስ ነው ሊይዘው የሚገባው? የተከራየበት ክፍል ይከፈት ስንል አከራይዋ ፈርታ እምቢ አለች፣ ፖሊስ ማስከፈት አይችልም ወይ? ስልኩስ የት እንደጠፋ ማየት አይቻልም? ቴሌ የሚሠራ የሰፈር ልጅ አለ፣ ብንጠይቀው ያይልን ይሆናል።

ጂሬን፦

እህቴ አላህ ያገናኛችሁ። ሕጉን ሌሎች ይንገሩሽ፣ እኔ የምለው ከፖሊስ ጋር ስትከራከሩ ሆስፒታል እንዳትረሱ። ያ መንገድ የጊቤ ቁልቁለት አለበት፣ አደጋ አይጠፋም። ወልቂጤና ወሊሶ ቅዱስ ሉቃስ ሆስፒታል ሰው ልካችሁ ድንገተኛ ክፍል ጠይቁ። በስም ብቻ አትጠይቁ! ራሱን ስቶ የገባ ሰው ስሙ ሳይታወቅ ነው የሚመዘገበው። በዕድሜ፣ በልብስ፣ በገባበት ቀን ጠይቁ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከልም ቢሆን ወደዚህ ሪፈር ተደርጎ የመጣ እንዳለ እዩ።

ችሎት ዳር፦

አይዞሽ። ረዘም አድርጌ ልጻፍልሽ።

24 ሰዓት የሚሉትን እርሺው። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ውስጥ «ሰው ሲጠፋ ቀን ቆጥራችሁ ኑ» የሚል አንቀጽ የለም። እንደ ሕግ እየተደጋገመ ሰውም ፖሊስም አመነው እንጂ፣ የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እኮ ረዳቱ ማን የት እንደወረደ የሚያስታውስበት፣ የምግብ ቤት ካሜራም ካለ ገና ያልተሰረዘበት ጊዜ ነው።

«ትልቅ ሰው ነው» የሚለው ግን ባዶ ማባረሪያ አይደለም፣ ከጀርባው ሕግ አለው። 18 ዓመት የሞላው ሰው ለማንም ሳይናገር ቤቱን ጥሎ መሄድ መብቱ ነው፣ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 የመዘዋወር ነፃነት ይሰጠዋል። ፖሊስ ቤት የመበርበርም ሆነ የስልክ መዝገብ የማስወጣት ጉልበት የሚያገኘው ወንጀል ተፈጽሟል ብሎ ሲያውቅ ወይም ሲጠረጥር ነው። ስለዚህ «ወንድሜ ጠፋ» ብላችሁ ብቻ ከሄዳችሁ አዝኖላችሁ ይመልሳችኋል። ጥርጣሬ የሚያስነሣውን ነገር በዝርዝር ንገሩት። የቡና ገንዘብ ይዞ ነበር? ይዞ እንደሚሄድ ማን ያውቅ ነበር? ያስፈራራው፣ የተካሰሰው ሰው አለ? በየቀኑ የሚወስደው መድኃኒት ክፍሉ ውስጥ ቀርቷል? በየቀኑ የሚደውል ልጅ ነው ወይስ ሳምንት ድምፁን የሚያጠፋ? ይሄ ሁሉ ወረቀት ላይ ይስፈር። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 22 ፖሊስ ወንጀል መፈጸሙን ሲያውቅ ወይም ሲጠረጥር ምርመራ እንዲጀምር ያስገድዳል፣ የቀረበለት ነገር አጠራጣሪ መስሎ ቢታየው እንኳ ሥራውን እንዲሠራ ይላል። ከፍላጎቱ ውጪ ሰው መያዝና መጥለፍ በወንጀል ሕጉ ከ585 ጀምሮ አሉ፣ እነሱን ጥቀሱ።

ክፍሉን በተመለከተ አከራይዋን አትቀየሟት፣ ትክክል ናት። ኪራይ የተከፈለበት ክፍል የወንድምሽ መኖሪያ ነው። ቁልፍ ስላላት ብቻ እሷም፣ እህቱ ስለሆንሽ አንቺም፣ ዩኒፎርም ስለለበሰ ፖሊስም ዘው አይልበትም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 ሰውን ከመኖሪያ ቤት ብርበራ ይጠብቀዋል። ፖሊስ የብርበራ ትዕዛዝ ከፍርድ ቤት ያወጣል፣ ትዕዛዙ ላይ የሚፈለገው ነገር ይጻፋል፣ ከተጻፈው ውጪ አይበረብርም። ፍርድ ቤቱ ለይቶ ካልፈቀደም ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ያለ ትዕዛዝ የሚገባው በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 32 (ከሕገ መንግሥቱ 32 ጋር አታምታቺው) በተቆጠሩት ነው፦ ወንጀለኛ እያባረረ ሲሄድ፣ ወይም ከ3 ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ማስረጃ የሚሆን ዕቃ እዚያ ተደብቋል የሚል በቂ ጥርጣሬ ኖሮ ትዕዛዝ እስኪወጣ ይሰወራል ተብሎ ሲታመን። የአንቺ ጉዳይ እስካሁን አንዱም ውስጥ አይገባም። ከውስጥ ማቃሰት ቢሰማ ወይም ሽታ ቢኖር ሌላ ነገር ነው፣ ያኔ ቆሞ ስለ ወረቀት የሚያወራ የለም።

ስልኩንም እንደዚያው አስቢው። የቴሌው ልጅ እንዳይነካው! በስልክ የሚደረግ ግንኙነትም በዚያው በአንቀጽ 26 የተጠበቀ ነው። ልጁ ሥራውን ያጣል፣ ይከሰሳልም፣ እናንተ ደግሞ ነገ ችሎት ላይ የምታቀርቡት ማስረጃ የተበላሸ ይሆናል። መርማሪው በፍርድ ቤት ትዕዛዝ ያስወጣው።

የአዌቱ ልጅ፦

እግዜር ይስጥልኝ። የገንዘቡን ነገር አላሰብነውም ነበር። ይዞ እንደሄደ እርግጠኛ ነን፣ መጠኑን እዚህ ባልጽፈው ይሻላል። የየት ሥልጣን ነው የሚለውስ? ሁለቱም ጣቢያ አይመለከተንም እያሉ እኮ ነው።

የድሮ መርማሪ፦

እዚህ ላይ እኔ ልግባ፣ ብዙ ዓመት የሠራሁበት ነገር ነው።

መንገዱን አስቢው። ልጁ ከጅማ ሲነሣ ኦሮሚያ ፖሊስ ክልል ውስጥ ነው። ጊቤን ተሻግሮ ወልቂጤ ሲደርስ ጉራጌ ዞን ገብቷል፣ እሱ ከ2015 ወዲህ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ነው። ትንሽ ሲሄድ ወሊሶ፣ ቱሉ ቦሎ፣ እንደገና ኦሮሚያ። አዲስ አበባ ሲገባ ደግሞ ሌላ ፖሊስ። እያንዳንዱ ክልል የራሱን ፖሊስ ያቋቁማል ያለው ሕገ መንግሥቱ ነው፣ የአንዱ አዛዥ ሌላው ክልል ሄዶ አያዝም። ተረኛው «የኛ አይደለም» ሲልሽ እንግዲህ ይህን ይዞ ነው።

ግን አጣምሞታል። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ስለ ቦታ ሲናገር (አንቀጽ 99) ወንጀል በተፈጸመበት አካባቢ ፍርድ ቤት ይታያል ነው የሚለው። ያ ስለ ችሎት ነው። ጥቆማ መቀበልን አይመለከትም። ማንኛውም ሰው ወንጀል ሲያውቅ ለፖሊስ ወይም ለዐቃቤ ሕግ ማመልከት ይችላል፣ ደግሞስ የት እንደጠፋ ሳይታወቅ «የጠፋበት ቦታ ሂዱ» ማለት ምን ማለት ነው? ስልኩ የተዘጋው ወልቂጤ ሊሆን ይችላል፣ እሱ ግን ወሊሶ ወርዶ ይሆናል። ነዋሪነቱ ጅማ፣ ክፍሉ ጅማ፣ ገንዘቡን የሚያውቁት ሰዎች ጅማ፣ የተሳፈረበት መናኸሪያም ጅማ። መዝገቡ ጅማ ይከፈት። ጅማ ለወልቂጤና ለወሊሶ ደብዳቤ ይጽፋል፣ እነሱ በየክልላቸው ያጣራሉ፣ ብርበራ ካስፈለገ በዚያው በየራሳቸው ፍርድ ቤት ትዕዛዝ ያወጣሉ። ደብዳቤ ተሸክሞ መዞር የአጎትሽ ሥራ አልነበረም።

አንድ የማይጻፍ ነገር ልጨምር። ማመልከቻውን በአፋን ኦሮሞ አጽፉ፣ የጅማ ጣቢያ የሥራ ቋንቋው ነው፣ ፍርድ ቤት በር ላይ የሚጽፉ አሉ። አንድ የአማርኛ ቅጂ ደግሞ አብሮ ይኑር፣ ወልቂጤ ሲደርስ «ይተርጎም» ተብሎ ቀን እንዳይበላ። ሁለቱም ላይ የተቀበለው ሰው ይፈርም፣ ቀንና የመዝገብ ቁጥር ይኑረው። ተረኛው እምቢ ካለ አትጨቃጨቂ፣ የጣቢያውን አዛዥ ጠይቂ፣ እሱም ካልሆነ ቀጥታ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ። ተረኛ የሚፈራው ጩኸት ሳይሆን ፊርማ ነው።

ለባልደረቦቼም ልከራከርላቸው፦ «ጠፋ» ተብሎ ከሚመጣው ትልቅ ሰው ብዙው ራሱ ይመለሳል። በዚያ ልምድ ነው ተረኛው የሚናገረው። ጥፋቱ ልምዱን ሕግ አድርጎ መዝገብ አልከፍትም ማለቱ ነው።

ሂርማታ፦

ፖሊስ ራሱ ይዞትስ ቢሆን? ማንም አላነሣውም። የሆነ ኬላ ላይ ወርዶ ታስሮ ሊሆን ይችላል፣ በተለይ ብዙ ብር ይዞ ከነበረ።

ችሎት ዳር፦

ጥሩ አነሣህ። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፣ ለመንገድ የሚፈጀውን ጊዜ ሳይጨምር። ቤተሰቡም እንዲያገኘው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 ይፈቅዳል። አንድ ጣቢያ ወይም ማረሚያ ቤት እንዳለ ካወቃችሁና ካላገናኟችሁ «አካልን ነፃ የማውጣት» አቤቱታ ይቀርባል፣ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ከ177 ጀምሮ ነው። አቤቱታው የያዘው አካል ሰውየውን ይዞ ቀርቦ ለምን እንደያዘው እንዲያስረዳ ያደርጋል። ጠበቃ ለመያዝ አቅም ከሌለ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ አለው። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም (ኢሰመኮ) ጅማ ላይ ጽሕፈት ቤት አለው።

የአዌቱ ልጅ፦

ዛሬ መዝገብ ተከፈተልን!! በሁለት ቋንቋ አስጽፈን ሄድን፣ አዛዡ ራሱ ተቀበለን። መርማሪም ተመደበ።

ግን ሌላ ነገር መጣ። ፌስቡክና ቴሌግራም ላይ «አፋልጉን» ብለን ከእናቴ ስልክ ጋር ለጥፈን ነበር። አንዱ ደውሎ «ልጁ እኛ ጋ ነው፣ በቴሌብር ላኩ» አላት። እናቴ ልትልክ ስትል ነው የደረስኩባት።

የድሮ መርማሪ፦

እንዳትልኩ። ድምፁን አሰሙኝ በሉ፣ ቤተሰብ ብቻ የሚያውቀውን ነገር ጠይቁ። ዘጠኙ ከአሥሩ አጭበርባሪ ነው ብዬ እገምታለሁ፣ ፖስቱን አይቶ የሚደውል። ግን አትናቁት፣ አንደኛው እውነት ሊሆን ይችላል። ቁጥሩን፣ ሰዓቱን፣ ያለውን ቃል በቃል ጽፋችሁ አሁኑኑ ለመርማሪው ስጡ። ገንዘብ መጠየቁ ራሱ ወንጀል ስለሆነ ለስልክ መዝገብ ትዕዛዝ የሚያስጠይቅ በቂ ምክንያት አገኛችሁ ማለት ነው። ፖስቱ ላይ ከእናትሽ ስልክ ይልቅ የጣቢያው ይሁን።

የአዌቱ ልጅ፦

ተገኘ። በሕይወት አለ፣ ተመስገን። የደወለው ሰውዬ ሌባ ነበር፣ ከወንድሜ ጋር ጉዳይ የለውም።

ግን የባሰ ተናድጃለሁ። መርማሪው ደውሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አግኝተነዋል፣ በሌላ ከተማ ፖሊስ አነጋግሮታል፣ በፈቃዱ ነው የሄደው፣ ደህና ነው። ያለበትን ለቤተሰብ አትንገሩ ብሏል።» ይኸው ነው! እናቴ ስታለቅስ የቆየችው ለዚህ ነው? አድራሻውን የመስጠት ግዴታ የለባቸውም ወይ?

ቦሳ ኪቶ፦

ወይ ጉድ። እህቱ ሆነሽ አይነግሩሽም? እኔ ብሆን ጣቢያውን አልለቅም ነበር። በኛ አገር ደግሞ ከቤተሰብ የሚደበቅ አድራሻ ምን የሚሉት ነው።

ችሎት ዳር፦

ቦሳ ኪቶ፣ አገሩማ ያው ነው፣ ሕጉ ግን ለ29 ዓመት ሰው ጠባቂ አልሾመለትም። የጠፋ ሰው ፍለጋ መዝገብ የሚመልሰው «በሕይወት አለ ወይ? ተገድዶ ነው ወይ?» የሚለውን ነው። ሁለቱም ተመለሱ። ወንጀል የለም ከተባለ ፖሊስ አድራሻውን ይዞ የሚያሳድድበት ሥልጣንም የለውም። እኔ መርማሪውን አመስግኜዋለሁ። ነገ ደግሞ ከባሏ ዱላ ሸሽታ የወጣች ሴት ትኖራለች፣ «ሚስቴ ጠፋች» ብሎ የሚያመለክተው ራሱ ባልየው ይሆናል፣ ያኔ አድራሻ ቢሰጥ ምን ሊፈጠር እንደሚችል አስቡት።

የያዘው ገንዘብ የሌላ ሰው ከነበረ ግን ተዘጋጂ። ባለገንዘቡ የእምነት ማጉደል ክስ ካመጣ ፖሊስ በሌላ መዝገብ ሊፈልገው ይችላል፣ ያኔ ብርበራውም የስልኩም ትዕዛዝ በእሱ ላይ ይዞራል። እናንተ ለባለገንዘቡ ምንም አትፈርሙ፣ ዕዳው የእሱ ነው።

ጂሬን፦

አልሐምዱሊላህ ብለሻል ዋናው። መርማሪውን መልእክት አድርስልን በሉት፣ ያን እምቢ አይልም። አጭር ይሁን፣ «እማዬ ስልክህን ትጠብቃለች» በቂ ነው። ታማለች ብላችሁ እንዳትዋሹ፣ ያኔ ጭራሽ ይርቃል።

የድሮ መርማሪ፦

ሁለት ነገር ይቀርሻል። ጣቢያ ሄደሽ መገኘቱን ቃልሽን ሰጥተሽ አስመዝግቢ፣ መዝገቡ ክፍት ከቀረ ልጁ የሆነ ኬላ ላይ «የሚፈለግ ሰው» ተብሎ ሊወርድ ይችላል። የአጭበርባሪው ጉዳይ ግን ለብቻው ይቀጥል፣ አታንሱለት። ከዚያ «አፋልጉን» ያላችሁትን ሁሉ አውርዱ፣ ፎቶውን ያጋሩትንም ሰዎች ጠይቁ። ኪራዩንም ለአከራይዋ ማን እንደሚከፍል ተነጋገሩ፣ ዕቃው ገና እዚያ ነው።