ልጃችሁ አርሚ ሊገባ ነው? የትኛውን ቢላ ትሰጡታላችሁ

እዚህ አሜሪካ ልጁ አርሚ ወይም ማሪን ለመግባት የፈረመ ወላጅ መጀመሪያ ይደነግጣል። ሲረጋጋ ደግሞ «ምን ልስጠው?» ይላል። ብዙ አባቶች ሐሳባቸው ቶሎ ቢላ ላይ ያርፋል። አይገርምም፤ አባት ለልጁ መሣሪያ ማስረከብ በአገራችንም የቆየ ክብር ነው። እኔ የምመክረው ግን ትልቅ ጩቤ አይደለም። ፒንሳ፣ ካቻቢቴና ስለት አብረው የተገጠሙበት ታጣፊ መሣሪያ ነው፤ ከነዚያም ውስጥ ሌዘርማን።

ከምርጫው በፊት ግን ጊዜው። ለሥልጠና ሲሄድ አብራችሁ አትስጡት። የአርሚ መሠረታዊ ሥልጠና 10 ሳምንት፣ የማሪን 13 ሳምንት ነው፤ ገና ሲደርሱ ሻንጣቸው ይፈተሻል፣ ቢላም ከተከለከሉት ዕቃዎች አንዱ ነው። ከምረቃ በኋላም አርሚ የገባው ልጅ ወደ ሙያ ሥልጠና ይሄዳል። እዚያም ቁጥጥሩ ገና አይላላም። የምረቃው ቀን አሳዩት፣ ይያዘው፣ ፎቶ ተነሡ፤ ከዚያ እናንተ ጋ ይቀመጥና የመጀመሪያ ዩኒቱ (የሚያገለግልበት ክፍል) ሲመደብ ላኩለት። በመሃል አንዳንድ ዩኒት እንዲህ ያለውን መሣሪያ ራሱ ያድላልና «ተሰጥቶሃል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት።

ሌዘርማን የፖርትላንድ፣ ኦሪገን ዕቃ ነው። ከ1983 ጀምሮ ይሸጣል፣ ዋስትናው 25 ዓመት ነው። ለወታደር የሚሆኑት ሁለት ናቸው፦ ዌቭ ፕላስ እና ሪባር። ዌቭ ፕላስ 18 መሣሪያ አለው፤ ክብደቱ 241 ግራም ነው። ትልቁ ጥቅሙ ስለቱ ከውጭ በኩል መሆኑ ነው። ስለቱ ጀርባ በኩል ቀዳዳ አለ። ፒንሳው እንደታጠፈ አውራ ጣትህን እዚያ ላይ አድርገህ ስትገፋው ይከፈታል፣ መጨረሻ ላይ ቀጭ ብሎ ይቆለፋል። ጓንት ያደረገ፣ በሌላ እጁ ገመድ የያዘ ልጅ በአንድ እጁ ይከፍተዋል ማለት ነው። ሪባር ላይ ግን ስለቱ ውስጥ ነው። መጀመሪያ እጀታዎቹን ከፍተህ፣ ከዚያ በጥፍርህ ታወጣዋለህ። በምትኩ 190 ግራም ብቻ ነው፣ በዋጋም ቀነስ ይላል። አቅሙ ካላችሁ ዌቭ ፕላስ ውሰዱ። የሁለቱም ስለት ወደ 2.9 ኢንች ነው፤ ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። የቢላ ርዝመት የሚወስነው የየካምፑ ደንብ ነው፣ 3 ኢንች ላይ የሚያቆሙም አሉ።

አሁን ኬባር ወደሚባለው ትልቅ ጩቤ። የማሪን ወላጅ ሁሉ የሚያነሣው እሱን ነው፣ እውነትም የሚያምር ዕቃ ነው። ማሪኖች ከ1942 ጀምሮ ያውቁታል። ስለቱ 7 ኢንች ነው፣ እጀታው ከተደራረበ የቆዳ ቀለበት ተጨምቆ የተሠራ ነው፣ ከቆዳ አፎት ጋር ይመጣል። ግን ብረቱ ካርቦን ስለሆነ ዘይት ካልተቀባ ይዝጋል። ካምፕ ውስጥ በየቀኑ የሚታጠቁት ዕቃም አይደለም። ለቤት መታሰቢያ ከሆነ ደስ ብሏችሁ ግዙ። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፦ ስለቱ ላይ የጦሩ ስም ይታተማል። አርሚ ለገባ ልጅ የማሪን ጽሑፍ ያለበትን መስጠት አያምርም፤ የአርሚ የታተመበትም ስላለ እሱን ፈልጉ።

ሌላው የመሣሪያ ኩባንያ ገርበርም ከፖርትላንድ ነው። መልቲ ፕላየር 600 የሚባለው ፒንሳው በአንድ እጅ ወርወር ሲያደርጉት ይወጣል፤ ጠንካራ ነው፣ ድምፁ ግን ይበዛል። ከዌቭ ፕላስ ርካሽ ነው። የስዊሱ ቪክቶሪኖክስ አሠራሩ ከሁሉም የጠራ ነው። ግን ትንሹ ቀዩ ሰንጢ ስለቱ አይቆለፍም፣ ለከባድ ሥራ ጣት ያስቆርጣል። ከነሱ ከወሰዳችሁ ፒንሳ ያለውን ስዊስቱል ውሰዱ።

የት ይገዛል? ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ አካባቢ ላላችሁ፣ አርኢአይ የሚባለው ሱቅ ወይም ሜሪላንድ አረንደል ሚልስ ሞል ያለው ባስ ፕሮ ሱቅ ሄዳችሁ በእጃችሁ ሞክሩ። ሆም ዲፖም ጥቂት ዓይነት ይይዛል። ኦንላይን በጣም ከረከሰ ተጠራጠሩ፣ የሌዘርማን አስመስሎ የተሠራ ብዙ አለ። ልጃችሁ ዩኒት ከገባ በኋላ ካምፑ ውስጥ ያለው ፒኤክስ (የወታደሮች ሱቅ) ከታክስ ነፃ ነው። ችኩል ካልሆናችሁ ብሩን ስጡትና እሱ ራሱ ይምረጥ።

ስም ማስቀረጽ ለምትፈልጉ፦ ሞል ውስጥ ያሉት ትንንሽ ማሽኖች ብዙውን ጊዜ የእንግሊዝኛ ፊደል ብቻ ነው ያላቸው። ዋንጫና ሜዳሊያ የሚሠሩ ሱቆች ግን በጨረር (ሌዘር) የሚቀርጽ ማሽን አላቸው፣ ሥዕል ከሰጣችኋቸው በአማርኛ ይቀርጹታል። ጽሑፉን እንደ ፎቶ አድርጋችሁ ስጡ። እንደ ጽሑፍ ከላካችሁት ኮምፒውተራቸው ላይ ፊደሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይወጣል፤ ወይም «ጸ»ው ሌላ ነገር ይሆናል። ከመቀረጹ በፊት ስክሪኑ ላይ ፊደል በፊደል ራሳችሁ አንብቡት። አጭር ይሁን፦ የክርስትና ስሙ፣ ወይም እናቱ የምትጠራበት ስም። የቀረጻችሁት ዕቃ ተበላሽቶ ለዋስትና ቢላክ በአዲስ ሊተኩት እንደሚችሉም ለልጁ ንገሩት፤ እንዲህ ያለውን መላክ አለመላክ እሱ ይወስን።

ለምረቃው በአውሮፕላን የምትሄዱ ከሆነ በእጅ በምትይዙት ቦርሳ አታስገቡት፣ ፍተሻው ላይ ይወሰድባችኋል። በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ፣ በአፎቱ ሆኖ፣ በልብስ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት።