ያሪስ፦ ቼክ ኢንጂን በርቶ ኮዱ ኦክስጅን ሴንሰር ይላል፣ ምን ላድርግ?

ባለያሪስ አዳማ፦
ሰላም ቤተሰብ። የ2004 ሞዴል ቶዮታ ያሪስ አለችኝ፣ ባለ 1.0 ቤንዚን። ቼክ ኢንጂን ከበራ ሰነባብቷል፣ ስካነር ሲሰካ ፒ0135 ብቻ ነው የሚያወጣው፣ ቢጠፋም በማግስቱ ተመልሶ ይበራል። ጉልበት አልቀነሰችም፣ ሚኒሞ ላይም አትንቀጠቀጥም፣ ግን ከተማ ውስጥ ፖስታ ቤት ፍራንኮ እያልኩ ስመላለስባት ቤንዚን ትጠጣለች፣ በፈጣን መንገዱ አዲስ አበባ ደርሼ ስመለስ ደግሞ እንደ ድሮዋ ነች። ጋራዥ ወስጃት ሁለቱንም ሴንሰር ቀይር ካታሊስቱንም (የጭስ ማጣሪያውን) አስወጣው አሉኝ። ብር ከማውጣቴ በፊት የምታውቁ እባካችሁ።

ኤሌትሪሽያኑ፦
ወንድሜ ካታሊስቱን እንዳታስነካ፣ ኮዱ ስለሱ ምንም አላለም። ፒ0135 የፊተኛው፣ ከካታሊስቱ በፊት ያለው ሴንሰር የሂተር (የማሞቂያው) መስመር ነው፣ የኋለኛውን አይነካም። ሴንሰሩ ጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን በትክክል ለማንበብ ወደ 300 ዲግሪ ገደማ መሞቅ አለበት፣ ሂተሩ ያለው ቶሎ እንዲሞቅ ነው፣ ሂተሩ ከሞተ በጭሱ ሙቀት ብቻ እስኪሞቅ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን በግምት ነው የሚሰጠው። አጭር መንገድ እየሄድክ ቶሎ ቶሎ ስታጠፋት ሳይሞቅ ይቀራል፣ ፈጣን መንገድ ላይ ግን ጭሱ ራሱ ያሞቀዋል። ያልከው ነገር ከዚህ ጋር ልክክ ይላል።

አሁን ቴስተር ያዝና ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ የሴንሰሩን ሶኬት ንቀል። ከአራቱ ገመዶች አንድ አይነት ቀለም ያላቸው ሁለቱ የሂተር ናቸው፣ በሴንሰሩ በኩል ኦም ለካቸው። ጥቂት ኦም ወይም አስራ ምናምን ካነበበ ሂተሩ አለ፣ ጭራሽ ካላነበበ ተበጥሷል። ከዛ ቁልፍ ከፍተህ በመኪናው በኩል ባለው ሶኬት 12 ቮልት መምጣቱን እይ፣ ካልመጣ ሴንሰር ከመግዛትህ በፊት ፊውዝና ገመድ ፈልግ፣ ገመዱ የጭስ ማውጫው ላይ ተኝቶ የሚቀልጥበት ጊዜ ብዙ ነው።

የሞጆ ሾፌር፦
ለኔ ኮምፒውተሩን እንዲያታልል በሂተሩ ቦታ ሬዚስተር አስገብተው መብራቱን አጥፍተውልኛል፣ በርካሽ ተገላገልኩ።

ኤሌትሪሽያኑ፦
መብራቱ ይጠፋል ወንድሜ፣ ሴንሰሩ ግን አሁንም ቀዝቃዛ ነው፣ ቤንዚኑም መፍሰሱን አያቆምም። እንዲህ አይነት ስራ አልመክርም።

እናት ጋራዥ፦
ኤሌትሪሽያኑ ያለው ትክክል ነው፣ እኔ አንድ ነገር ልጨምር። ስካነሩ ላይቭ ዳታ (ሞተሩ እየሰራ የሚያሳየው ንባብ) ካለው ሞተሩ በደንብ ሞቆ ጋዝ ትንሽ ይዘህ የፊተኛውን ሴንሰር ቮልቴጅ እየው፣ ደህና ከሆነ ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት ቶሎ ቶሎ ይወጣል ይወርዳል። አንድ ቦታ ከቆመ ወይም ከተንቀራፈፈ ሴንሰሩ ራሱ ደክሟል ማለት ነው። ግን ከሴንሰሩ በፊት የጭስ ማውጫው ከተሰነጠቀ ወይም ጋስኬቱ ካፈሰሰ አየር ስቦ ውሸት ያነባል፣ ጠዋት ስታስነሳ ቸክ ቸክ የሚል ድምፅ ካለ መጀመሪያ እሱን ድፈን።

ባለያሪስ አዳማ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ለካሁት፣ በሴንሰሩ በኩል ምንም አያነብም፣ በመኪናው በኩል ግን 12 አለ። ላይቭ ዳታውም ሲሞቅ ይወጣል ይወርዳል። ስለዚህ የፊተኛውን ብቻ ነው ልገዛ ያሰብኩት፣ ያገለገለ ባስገባስ?

እናት ጋራዥ፦
ያገለገለ ይቅርብህ፣ ሂተሩ ስንት እንደሰራ አይታወቅም። አሮጌውን ይዘህ ሂድና ቁጥሩን አስመሳስል፣ የቶዮታ ቁጥር በ89465 ከጀመረ ኦክስጅን ሴንሰር ነው፣ በ89467 የሚጀምረው ኤይር ፊውል ሴንሰር ነው፣ ቢመሳሰሉም አንዱ በአንዱ ቦታ አይሰራም። ስትፈታው ሞተሩ ለብ ያለ ይሁን፣ ደርቆ እምቢ ካለ ደብሊውዲ 40 ነፍተህ ጠብቅ፣ መፍቻው ቁልፍ 22 ነው። አዲሱን ስታስገባ ጥርሱ ላይ ብቻ ፀረ ዝገት ቅባት ቀባ፣ ጫፉን ግን በእጅህም አትንካው፣ ሲሊኮን ማሸጊያም አታስጠጋው፣ ሴንሰሩን ይገድለዋል። ከዛ ኮዱን አጥፋና ከተማ ውስጥ ንዳት፣ ፒ0135 ካልተመለሰ ጨርሰሃል።