ከውጭ ተማሪዎች ጋር ካርታ ስንሠራ ድርሻችን ምን ይሁን?

ጥያቄ፦ የጂኦግራፊ ተማሪ፣ ጅማ

የተከበራችሁ አባላት፣ በውጭ አገር ከሚገኝ አንድ የተማሪዎች ማኅበር ጋር ሆነን የገጠር ቀበሌዎችን መንገዶችና ቤቶች ማንም ሊጨምርበትና ሊያርመው በሚችለው ነፃ የኢንተርኔት ካርታ፣ በኦፕንስትሪትማፕ ላይ ለመመዝገብ ተስማምተናል። እነርሱ የሳተላይት ምስል እያዩ ይስላሉ፤ የእኛ ድርሻ ግን «ድጋፍ መስጠት» ከመባል አልፎ በግልጽ አልተወሰነም። ትብብሩ ለሁለቱም ወገን የሚጠቅም እንዲሆን ከወዲሁ በምን ጉዳይ ላይ ብንስማማ ይሻላል?

መልስ፦ ካርታ አራሚ

ሥራው ሳይጀመር መጠየቅዎ ተገቢ ነው። በጥር 2010 እ.ኤ.አ. ሄይቲ በመሬት መንቀጥቀጥ በተመታች ጊዜ፣ በየአገሩ ያሉ በጎ ፈቃደኞች የዋና ከተማዋን የፖርት ኦ ፕሪንስን መንገዶች በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሳተላይት ምስል ላይ ስለው ለነፍስ አድን ሠራተኞች አድርሰዋል። ለእኔ ትልቁን ትምህርት የሰጠችው ግን ኔፓል ናት። በዚያ አገር ካትማንዱ ሊቪንግ ላብስ የተባለው የካርታ ሥራ ድርጅት ወጣቶች ትምህርት ቤቶችንና ሆስፒታሎችን አስቀድመው መመዝገብ ጀምረው ስለነበር፣ በሚያዝያ 2015 እ.ኤ.አ. መሬት ሲንቀጠቀጥ ከውጭ የመጣውን የብዙ ሺህ ሰው እገዛ ወደሚያስፈልግበት ቦታ የመሩት እነርሱው ነበሩ።

ስለዚህ የማረጋገጡን ሥራ እናንተ እንድትይዙ ጠይቁ። ሥራው የሚከፋፈልበት ድረ ገጽ አካባቢውን በትንንሽ አራት ማዕዘኖች ይሸነሽነዋል፤ አንዱ የሳለውን ሌላው አይቶ ያጸድቃል ወይም ይመልሳል። ከላይ ሲታዩ ክብ ጎጆና የጭድ ክምር እጅግ ይመሳሰላሉ። ገጠር ያደገ ተማሪ ግን ወደ በሩ የሚያደርሰውን የእግር መንገድ፣ አጥሩን፣ ከጓሮ ያለውን እንሰት አይቶ ቤቱን ከክምሩ ይለያል። በሥዕል ፍጥነት እነርሱ ሊበልጧችሁ ይችላሉ፤ በዚህ ግን እናንተን የሚተካ የለም፤ ስለሆነም በስምምነቱ ላይ በጽሑፍ ይስፈር።

መልስ፦ ከሜሪላንድ

እኛም እዚህ ካሉ የአገራችን ልጆች ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሰበሰብን ስንስል ቆይተናል። ከሩቅ ሆኖ መንገድ መሳል ይቻላል፤ ስሙን ማወቅ ግን አይቻልም። የወንዙን፣ የገበያውንና የቀበሌውን ስም ነዋሪውን ጠይቃችሁ፣ በእናንተ አካባቢ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም፣ ነዋሪው እንደሚጠራው መዝግቡ። ኢንተርኔት በሌለበት ቦታ ኦስማንድ የተባለውን የካርታ መተግበሪያ በስልካችሁ ይዛችሁ መውጣት ትችላላችሁ፤ ካርታውን ቀድሞ ካወረዳችሁት ያለ ኔትወርክ ይሠራል።

መልስ፦ የጤና ባለሙያ

ከላይ በተባለው እስማማለሁ፤ ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ መስመር ከመሳላችሁ በፊት ጤና ጣቢያውንና የወረዳውን ጤና ጽሕፈት ቤት ምን እንደሚቸገሩ ጠይቁ። ለክትባት ዘመቻ የሚወጣ ቡድን ከሁሉ በፊት ማወቅ የሚፈልገው በክረምት መኪና የሚያሳልፈው መንገድ የትኛው እንደሆነና ከወንዝ ማዶ ስንት ጎጥ እንዳለ ነው። ሁለተኛ፣ የሚመዘገበው ሁሉ ለዓለም ክፍት ስለሆነ የአባወራና የእማወራ ስም በፍጹም አይግባ፤ ተፈናቃዮች የተጠለሉበት ቦታ ካለም ከእነርሱና ከሚረዳቸው አካል ጋር ሳትመክሩ አታስገቡ። የውጭ አጋሮቻችሁ ይህን ከሩቅ ሊያውቁ ስለማይችሉ፣ ምን እንደማይመዘገብ የመወሰን ሥልጣን የእናንተ እንዲሆን ከመጀመሪያው ስብሰባ ላይ አንሡት።