ከጨዋታ በፊት ከባድ ብረት፦ ሰዓቱን እንዴት ላስተካክል?

የተከበራችሁ አሰልጣኞችና የስፖርት ሳይንስ ባለሙያዎች፣ እባካችሁ እርዱኝ።

አራት ኪሎ አካባቢ የወጣት ወንዶች መረብ ኳስ ቡድን አሰለጥናለሁ። ከጨዋታ በፊት ብረት በትከሻ ተሸክመው ጥቂት ከባድ ቁጭ ብድግ ቢሠሩ መረቡ ላይ ከፍ ብለው እንደሚዘሉ አምናለሁ። ከባድ ሥራ ጡንቻን ለአጭር ጊዜ ያነቃል፤ ነገር ግን ድካምንም አብሮ ያመጣል። ጥቅሙ የሚታየው ድካሙ ቀድሞ ሲለቅ ነው፤ ለዚህም በአብዛኛው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ዕረፍት ይመከራል። ብዙ ጉልበት ያለው ተጫዋች ቶሎ አገግሞ ይበልጥ ይጠቀማል፤ ለብረት አዲስ የሆነው ግን ደክሞ ወደ ሜዳ ሊገባ ይችላል። እኔ ዘንድ ደግሞ ሁለቱም ዓይነት አሉ።

የጨነቀኝ ሰዓቱ ነው። መረብ ኳስ እንደ እግር ኳስ በደቂቃ አይለካም። ከእኛ በፊት ያለው ጨዋታ በ3 ዙር ሊያልቅ ወይም እስከ 5ኛው ሊዘልቅ ይችላል። ልጆቹ ብረቱን አንሥተው ተቀምጠው ከጠበቁ የነቃው ጡንቻ ይቀዘቅዛል፤ እስኪጠሩ ብጠብቅ ደግሞ ዕረፍት አይኖራቸውም።

በብረቱ ፈንታ ከዝቅተኛ ሣጥን ወርዶ ወዲያው ወደ ላይ መዝለል ይበቃል? ይህ ሜዳው ዳር ላይ ስለሚሠራ በጣም ይቀለኛል። ለጀማሪዎቹስ ብረቱን ጨርሶ ልተወው? ተቀያሪዎቹ በምን ይንቁ? በተግባር የሞከራችሁ ስንት ጊዜ እንዳሠራችሁና ስንት ደቂቃ እንዳሳረፋችሁ ብትነግሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።